«ባዶ፣ ቀፎ፣ ዱብ»፦ የሮዘንሃን ጥናት በአብኖርማል ሳይኮሎጂ ክፍል ውስጥ

አብኖርማል ሳይኮሎጂ፣ ማለትም የአእምሮ ሕመሞችን የሚያጠናውን የሥነ ልቦና ዘርፍ፣ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ፈጽሞ የማይከሽፍብኝ አንድ ትምህርት ነበረኝ። ሴሚስተሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ተማሪው ገና ከምዝገባና ከመኝታ ክፍል ጣጣ ሳይላቀቅ፣ የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ባለሙያ የዴቪድ ሮዘንሃንን ጥናት እተርክለት ነበር። ስምንት ጤነኛ ሰዎች ወደ አእምሮ ሆስፒታል ሄደው «ድምፅ ይሰማናል» አሉ፤ ሁሉም ተኝተው እንዲታከሙ ተወሰነ፤ ከገቡ በኋላ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ቢኖሩም አንድም ሐኪም አልነቃባቸውም። ከኋላ ወንበር የሚያንጎላጀው ሳይቀር ቀና ይላል። ሰዓቱ አልቆ የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ተሰልፈው እንኳ ጥያቄው አያባራም። እኔም ጥሩ አስተማርኩ ብዬ ደስ እያለኝ እወጣለሁ።

በአንዱ ሴሚስተር፣ ከዚያ ትምህርት አንድ ሳምንት በኋላ፣ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም፤ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። «መምህር፣ ያስተማሩንን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት» አለችኝ። ወንድሟ ለስኪዞፍሬኒያ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እስከ መስማት ለሚያደርስ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ መድኃኒት እየወሰደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናትየው መድኃኒቱን ከመጀመሪያውም በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም፤ ጎረቤት በየዕለቱ «እንዲህ ያለ ነገር በክኒን አይለቅም» ይላቸዋል። ዩኒቨርሲቲ የላኳት ልጃቸው ሐኪሞች ጤነኛውን ከታማሚው መለየት እንደማይችሉ በጥናት መረጋገጡን ስትነግራቸው እፎይ አሉ። ክኒኑን አቆሙት። ልጅቷ እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። እጀታውን ሳትለቅ፣ «እኔ የነገርኳት እርስዎ ያሉትን ብቻ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። አንድ ቃል አልጨመረችም። በዚያው ዕለት አብረን ወደ እናቷ ደወልን፤ መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ምክር በፍጹም መቋረጥ እንደሌለበት፣ ጸበሉንም ከመድኃኒቱ ጋር ማድረስ እንደሚቻል ተነጋገርን። ልጁ የከፋ ነገር ሳይደርስበት ወደ ሕክምናው ተመለሰ። እኔ ግን ያን ጥናት እንደ ድሮው ማስተማር አልቻልኩም። ይህ ጉዳይ አንድ የትምህርት ክፍል ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዓለም ዙሪያ እንዴት እንደተወራረሰና እኛ መምህራን ሳናጣራ ስንቀባበለው የቆየነው ምን እንደሆነ የሚያሳይ ስለሆነ ከሥሩ ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከክፍል የተነሣ ሐሳብ

ብዙ ተማሪዎች ጥናቱን ከሆስፒታል የተጀመረ ይመስላቸዋል። የተጀመረው ግን ልክ እንደኛው ባለ የአብኖርማል ሳይኮሎጂ ክፍል ውስጥ ነው። በ1968 መጨረሻ ሮዘንሃን ከፊላደልፊያ ከተማ ብዙም በማይርቀው የስዋርዝሞር ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ትልቁን ዓለም ለመለወጥ የቆረጡ ነበሩ። ጊዜው የቬትናም ጦርነትና የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ጊዜ ነበር። በጃንዋሪ 1969 ጥቁር ተማሪዎች የኮሌጁን የቅበላ ቢሮ ተቆጣጥረው ሳለ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞቱ። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የሚማር ተማሪ ስለ ሰው ስቃይ ከመጽሐፍ ብቻ ማንበብ አይዋጥለትም።

ተማሪዎቹ ኮርሱ ንድፈ ሐሳብ በዛበት፣ ከሰው ራቀ ብለው አጉረመረሙ። ሮዘንሃን በኋላ ሲያስታውሰው ነገሩ በድፍረት መወራረድ እንደ ተጀመረ ይናገራል፦ የአእምሮ ሕመምተኛ ምን እንደሚመስል ከልባችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሕመምተኛ ሆናችሁ ግቡ አላቸው። እነሱም እሺ አሉ።

ይህ ማጉረምረም ለእኔ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ መልኩ ብቻ «መምህር፣ አማኑኤል መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ በሕዝቡ አፍ የሕመሙ ስም እስከ መሆን ደርሷል፤ «አማኑኤል ገባ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ስለዚህ ተማሪው ገብቶ ማየት ይፈልጋል። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አርባ ያህል ተማሪ ይዤ ሄጄ ነበር። ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ጋቢ የደረበ ሰውዬ ነበር። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን እንደያዙ በፊቱ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። ሰውዬው አንድ በአንድ አያቸውና በጨዋ ድምፅ «ምን ልታዩ መጣችሁ?» አላቸው። ከአርባው አንድ እንኳ የመለሰለት የለም። እኔም አልመለስኩለትም። አንድ ሰው እንኳ መልሶለት ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ከአንድ ሴሚስተር በላይ ያስተምር ነበር።

ሮዘንሃን በዚህ ላይ ያደረገውን አከብርለታለሁ። ተማሪዎቹን ከመላኩ በፊት ራሱ ቀደመ። በፌብሩዋሪ 1969፣ በ39 ዓመቱ፣ «ዴቪድ ሉሪ» በሚል ስም ሃቨርፎርድ በሚባለው የመንግሥት ሆስፒታል ቀረበ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪና ዋናው የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ያውቁ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ወጣ። ሲወጣ የገባው ሰው አልነበረም፤ ያየው ነገር ከብዶት ነበርና ለተማሪዎቹ አይሆንም አላቸው፤ አንዳቸውንም አልላከም። ዕቅዱ ከክፍል ወጥቶ የምርምር ሥራ ሆነ።

መጽሔቱ ላይ የወጣው

ሮዘንሃን ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1973፣ ጥናቱ «ሳይንስ» በተባለው ታላቅ መጽሔት ታተመ። በጽሑፉ መሠረት ሐሰተኛ ታካሚዎቹ እሱን ጨምሮ ስምንት ናቸው፤ አምስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ከመካከላቸው ሦስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ አንድ የሥነ ልቦና ተማሪ፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የአእምሮ ሐኪም፣ ሠዓሊና የቤት እመቤት ነበሩ። በአምስት ክፍላተ ግዛት በሚገኙ 12 ሆስፒታሎች ቀረቡ። ሁሉም ያቀረቡት ቅሬታ አንድ ነበር፦ የማያውቁት ሰው ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ድምፁ ጥርት ባይልም «ባዶ»፣ «ቀፎ»፣ «ዱብ» የሚሉ ቃላት ይመስላል። ከስማቸውና ከሥራቸው በቀር ስለ ሕይወታቸው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው ይላል ጽሑፉ። ከገቡ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል አሉ፤ እንደ ልማዳቸው ኖሩ።

ከአንደኛው በቀር በሁሉም ላይ የተጻፈው ስኪዞፍሬኒያ ነው። ያነሰ የቆየው 7 ቀን፣ የበዛ የቆየው 52 ቀን፣ አማካዩ 19 ቀን። ሲወጡም ስኪዞፍሬኒያው «ለጊዜው ጋብ ብሎለታል» ተብሎ ተጻፈላቸው እንጂ መጀመሪያውንም አልታመመም ነበር የተባለ የለም። 2,100 ያህል ክኒን ተሰጣቸው፤ የተዋጠው ሁለት ብቻ ነው፤ ሌላው ኪስ ወይም ሽንት ቤት ገባ። ሐኪሞቹ ሳይነቁ ታካሚዎቹ ነቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቆይታዎች በመግቢያው ክፍል ከነበሩ 118 ታካሚዎች 35ቱ ጥርጣሬያቸውን በአፋቸው ተናግረዋል። አንተ ጋዜጠኛ ወይም ፕሮፌሰር ነህ፣ ሆስፒታሉን ልታጣራ ነው የገባኸው ብለዋቸዋል።

ሐሰተኛ ታካሚዎቹ ያዩትን ይጽፉ ነበር፤ መጀመሪያ በስውር፣ በኋላ ግን የሚከለክል ሲጠፋ በግልጽ። ከአንዷ ታካሚ ካርድ ላይ ነርሶች ያሰፈሩት ዓረፍተ ነገር «ታካሚዋ የመጻፍ ጠባይ ታሳያለች» የሚል ነው። ዛሬ ያን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የሚያመኝ ስሕተቱ አይደለም። መጻፏን ያየ ሰው አለ፤ በካርድ ላይ ለማስፈርም ጊዜ ነበረው፤ ምን እንደምትጽፍ ግን አልጠየቃትም።

ሌላም የለኩት ነገር ነበር። ታካሚው ሐኪምን፣ ነርስን ወይም ረዳትን አስቁሞ በትሕትና ይጠይቃል፦ ይቅርታ ዶክተር፣ መቼ ነው ወደ ግቢ የመውጣት ፈቃድ የማገኘው? ከሐኪሞቹ 71 ከመቶው፣ ከነርሶችና ከረዳቶች 88 ከመቶው ፊታቸውን አዙረው አለፉ። ቆመው ያነጋገሩት ሐኪሞች 4 ከመቶ ብቻ ናቸው። አንድ ታካሚ በቀን ከሐኪምና ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ተደምሮ በአማካይ ሰባት ደቂቃ አይሞላም፤ 6.8 ደቂቃ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ክፍል መጣ። ይህን የሰማ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም አለ። ሮዘንሃን በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ሐሰተኛ ታካሚ ሊልክባቸው እንደሚችል ነገራቸው። ከገቡት 193 ታካሚዎች 41ዱን ቢያንስ አንድ ሠራተኛ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ በእርግጠኝነት መዘገበ። ሮዘንሃን ግን አንድም ሰው አልላከም።

እውነት ለመናገር ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ማውራት እጅግ ደስ ይላል። ጌታ ተዋረደ፣ አላዋቂ የተባለው ዐዋቂ ሆነ የሚል ተረት ቅርጽ አለው፤ እኛም እንዲህ ያለውን ከልጅነታችን ጀምሮ እንወደዋለን። ለዚህ ነው መርምረን ሳናየው የዋጥነው።

ከሐኪሞቹ ወገን ወዲያው መልስ መጥቶ ነበር። ሲሞር ኬቲ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አንድ ሊትር ያህል ደም ጠጥቼ፣ የጠጣሁትን ደብቄ ድንገተኛ ክፍል ብተፋው ሐኪሞቹ የጨጓራ ቁስል ነው ይላሉ፤ ይህ ግን ሕክምና የጨጓራ ቁስልን አያውቅም ማለት አይደለም ሲል ሞገተ። ሮበርት ስፒትዘር በ1975 ባሳተመው ትችት ደግሞ «ለጊዜው ጋብ ብሎለታል» የሚለው ቃል በሆስፒታሎች ካርድ ላይ ከስንት አንዴ የሚጻፍ መሆኑን አሳየ። ሐኪሞቹ እነዚህ ሰዎች ከሌላው እንደሚለዩ ተረድተው ነበር ማለት ነው። ይኸው ስፒትዘር በ1980 የወጣውን ሦስተኛውን የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ የመራ ሰው ነው። መመሪያው ለስኪዞፍሬኒያ ቢያንስ የስድስት ወር ምልክት ጠየቀ። ስለ ድምፅ ከሚያነሣቸው መስፈርቶች አንዱ ይዘቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። «ባዶ» እና «ዱብ» በዚህ በር አያልፉም። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው የሚያዩኝ አስተያየት አለ፤ የማይወደድ የሚመስል መመሪያ ውስጥ የሰው ክርክር ተጋድሞ እንደሚገኝ የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ሮዘንሃን ራሱ ከማርቲን ሴሊግማን ጋር በ1984 የአብኖርማል ሳይኮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አወጣ። ስለ ሐሰተኛ ታካሚዎቹ ሊጽፈው የተዋዋለውን መጽሐፍ ግን አልጨረሰውም። አሳታሚው ከሰሰው። በ2012 ሞተ።

ፋይሉ ሲከፈት

ሱዛና ካሃላን የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ናት። በ2009 የገዛ ሰውነቷ መከላከያ አንጎሏን እያጠቃ ሳለ ሕመሟ ለጊዜው የአእምሮ ሕመም መስሎ ነበር። ከዳነች በኋላ ስለ ሮዘንሃን ስታነብ እንደ ወንድም ቆጠረችው፤ ልታመሰግነው እንጂ ልታጋልጠው አልተነሣችም። ማስታወሻዎቹንና ያልታተመውን ጽሑፍ አገኘች፤ ሐሰተኛ ታካሚዎቹን መፈለግ ጀመረች። በ2019 ያወጣችውን መጽሐፍ ያነበብኩት ተማሪዬ ቢሮዬ ከመጣች በኋላ ነው። ቀድሜ ባነበው ኖሮ እያልኩ አሁንም እቆጫለሁ።

ከሁሉ በላይ የነካኝ የሃቨርፎርድ ሆስፒታል የመግቢያ መዝገብ ነው። በጽሑፉ ላይ ሮዘንሃን ያቀረብኩት ሦስት ቃል የሚመስል ድምፅ ብቻ ነው ብሎ ነበር። በመዝገቡ ላይ ግን ተረኛው ሐኪም በዝርዝር የጻፈው ሌላ ነው። ዴቪድ ሉሪ የተባለው ሰው ድምፁ ለወራት እንደቆየበት፣ የሬዲዮ ሞገድ እንደሚሰማውና ሰው የሚያስበውን እንደሚያውቅ፣ ጫጫታውን ለመከላከል የመዳብ ድስት ጆሮው ላይ እስከ መድፋት እንደ ደረሰ፣ ራሱን ስለማጥፋትም እንዳሰበ ተናግሯል ይላል።

የመዳብ ድስት! ስንት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ውስጥ ይህ ድስት አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው በሌሊት ቢመጣና አንድ ሐኪም «ደህና ነህ፣ ሂድ» ቢለው ያን ሐኪም የሚያመሰግን ይኖራል? ያስተኛው ሐኪም የሚቻለውን አድርጓል። እኔ ግን በየሴሚስተሩ በስሙ ባልጠራውም ማየት እንደተሳነው አድርጌ ሳቀርበው ነበር።

ካሃላን ብዙ ፈልጋ ማንነታቸውን ያረጋገጠችው ሐሰተኛ ታካሚ ከሮዘንሃን ሌላ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው የስታንፎርድ ተማሪ የነበረ ነው። ሁለተኛው ሃሪ ላንዶ ይባላል፤ የእሱ ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ላንዶ ሆስፒታል ገብቶ የገጠመው ደግ ነገር ነበር፤ ሠራተኞቹ ያናግሩት፣ ታካሚዎቹም ይረዳዱ ነበር። የእሱ መረጃ ከጥናቱ ወጣ። በጽሑፉ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ዘጠነኛ ሐሰተኛ ታካሚ ነበረ፤ ስለ ትዳሩና ስለ ወላጆቹ እውነት ያልሆነ ነገር ስለ ተናገረ ውጤቱ አልተካተተም የሚል አለ። ዋናው ተመራማሪ ግን ድስቱን ፈጥሮ ራሱን አላስወጣም። ላንዶ በ1976 ያየውን መልካም ነገር ለብቻው በሌላ መጽሔት አሳተመ፤ በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ ግን የእሱ ድምፅ የለም። ሌሎቹን ስድስቱን ካሃላን አላገኘቻቸውም፤ ከነጭራሹ ነበሩ ወይ የሚለውን ጥያቄም ክፍት አድርጋ ተወችው።

እዚህ ላይ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ጥናቱን ከኮርሱ ማውጣት ይሻላል ይላሉ። አልስማማም። ተማሪው ከኛ ባይሰማው ከስልኩ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ድስቱም ላንዶም አይኖሩበትም። ደግሞም በታካሚ ፊት መዞር፣ ሰባት ደቂቃ የማይሞላ ቀን፣ የማይጠየቅ ጽሑፍ የሚለው ክፍል የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1887 ኔሊ ብላይ የምትባል ጋዜጠኛ በኒው ዮርክ ደሴት ላይ በነበረ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አሥር ቀን ገብታ የጻፈችውም የዚሁ ዓይነት ነበር። በእኔም ዓይን ያየሁት ነው፤ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ጥያቄ መልስ ያላገኘው ሩቅ አገር አይደለም።

ከውጭ የመጣው ጥያቄ

አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ አላስተዋልኩም ነበር። ጥናቱ የተጻፈው የአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች በ1955 ከ550 ሺህ በላይ ሰው ይዘው ቆይተው፣ ሰውን አትዝጉበት የሚለው ጩኸት እየጎላ በመጣበት ጊዜ ነው። ክሱ በሩ ያለ አግባብ ይከፈታል፣ የገባ አይወጣም የሚል ነው። በእኛ አገር በሩ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው በተደረገው የታወቀ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ሆነው ተገኝተዋል። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ነው። ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያገኘው ያለ ምክንያት የታሰረ ጤነኛ ሳይሆን ጎጆ ውስጥ ግንድ ላይ በሰንሰለት የታሰረ፣ ሐኪም አይቶት የማያውቅ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ተማሪ «ሕመም ማለት ሐኪም የለጠፈው ስም ነው» ብሎ ማስተማር የሌላ አገርን መድኃኒት የሌላ አገር በሽታ ላይ ማዋል ነው። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው፤ ያችን ተማሪ በር ላይ ያቆማት ይህ ነው።

አሁን ሳስተምር

ትምህርቱን ከሁለተኛው ሳምንት ወደ ሴሚስተሩ መጨረሻ ወሰድኩት። ተማሪው መጀመሪያ ስለ ስኪዞፍሬኒያ ምልክቶች፣ ስለ መድኃኒቱ ጥቅምና ጉዳት፣ ድንገት ሲቋረጥ ስለሚመጣው ነገር ይማራል። ገና በመጀመሪያው ቀንም ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር እናገራለሁ፦ ከእናንተ ውስጥ ስለምንማረው ሕመም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ የሚያውቅ አለ፤ በክፍል ውስጥ መናገር የለበትም፤ ቢሮዬ ግን ክፍት ነው። በየሴሚስተሩ ሁለት ሦስት ተማሪ ይመጣል። የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ፣ ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን ነው። በየምዕራፉ ምልክቶቹን በራሳቸው ላይ እያዩ የሚደነግጡም ይመጣሉ፤ ይህ ኮርስ ሁልጊዜ ያመጣዋል፤ ከእነሱም ጋር እንነጋገራለን።

የሮዘንሃን ቀን ሲደርስ ግን ታሪኩን አልተርክም። ሁለት ወረቀት አድላለሁ። አንደኛው ላይ የተጻፈው አጭር ነው፦ ዕድሜው 39 የሆነ ወንድ፣ ሥራና ቤተሰብ ያለው፣ «ባዶ»፣ «ቀፎ»፣ «ዱብ» የሚል የማያውቀው ሰው ድምፅ እንደሚሰማው የሚናገር፤ ሌላ ቅሬታ የለውም። ሁለተኛው ላይ ወራት የቆየው ድምፅ፣ የሬዲዮ ሞገዱ፣ ድስቱ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳቡ አለ። በሁለቱም ላይ ስም የለም። ተረኛ ሐኪም ብትሆኑ ምን ትወስናላችሁ? ሌላስ ምን ትጠይቃላችሁ? ብዬ በጽሑፍ እንዲመልሱ ሃያ ደቂቃ እሰጣለሁ።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አብዛኞቹ «ላናግረው»፣ «በሳምንቱ ይመለስ»፣ «እንቅልፉንና መጠጡን ልጠይቅ» ብለው ይጽፋሉ። በሁለተኛው ላይ «ዛሬ ሌሊት ብቻውን አይላክ» ያላለ አላየሁም። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ቀን መሆናቸውን እነግራቸዋለሁ። አንዱ ሰውዬው በመጽሔት ላይ እንደ ጻፈው፣ አንዱ ሐኪሙ በመዝገብ ላይ እንዳሰፈረው። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ድሮ ታሪኩን ስተርክ እንደማገኘው ዓይነት ሁካታ የለውም፤ እኔ ግን ይህን ጸጥታ እመርጣለሁ።

ከጸጥታው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከባድ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ ልጅ «ታዲያ ሐኪሙ ልክ ነው፣ ጥናቱ ውሸት ነው ብለን እንጻፍ?» አለ። ቀላሉን መንገድ ማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር። ሌላዋ ተነሥታ «ሐኪሙ ሲያስገባው ልክ ነበር፤ ከገባ በኋላ በዘጠኙ ቀን ማን አነጋገረው?» አለች። እኔ ከዚህ የተሻለ አላስተማርኳቸውም፤ ከእሷ ቀጥዬ የላንዶን ታሪክ ብቻ ጨመርኩ፤ ያነጋገሩት ሆስፒታልም ነበረ፤ ውጤቱ ከጥናቱ ወጥቷል አልኳቸው። ማስታወሻ ሳይዙ የሚሰሙት ያንን ነው።

ሰዓቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛዋን ትንሽ ወረቀት አወጣለሁ። በላይዋ ላይ ያለው «ታካሚዋ የመጻፍ ጠባይ ታሳያለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ እንዲሞሉት እጠይቃለሁ፤ ነርሷ እናንተ ብትሆኑ ከዚህ ቀጥሎ ምን ይጻፍ ነበር? ባለፈው ሴሚስተር የሰበሰብኳቸው ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ አሉ። አንዳንዱ ገጹን ሞልቶታል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ግን የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «አጠገቧ ተቀምጬ፣ ምን እየጻፉ ነው? ብዬ ጠየቅኳቸው፤ የመለሱልኝ የሚከተለው ነው።» ከዚያ በታች ቦታውን ባዶ ትቶታል።